ጋሽ ቀብዱ መቀሱን ያስያዘ ቀን

ባሌን ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ቀብዱ እያለ ነው የሚጠራው። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነበር፤ እሱን ግን አሁን የምናስታውሰው እኔና መታወቂያው ብቻ ነን። ልብስ ሰፊ ነው። ሱቃችን በዳቦ ቤቱና በጫማ አዳሹ መሀል የተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ናት፤ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ አንድ መስታወት፣ አንድ እኔ። እኔ ቁልፍ እተክላለሁ፣ እዘመዝማለሁ፣ እተኩሳለሁ፤ ደንበኛ ሲቆጣ ደግሞ ቀርቤ የምሰደበው እኔ ነኝ። እሱ እንደሆነ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ ያልሰማ መምሰል ይችልበታል።

ስሙን ያወጣለት ሰሌዳው ነው። ከመስታወቱ በላይ፣ ሰው ልብስ ለክቶ ቀና ሲል ዓይኑ የሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ በቀይ ቀለም «ያለ ቀብድ መቀስ አይነሳም» የሚል ሰሌዳ ሰቅሏል። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ግማሹን አስቀድመህ ካልከፈልክ ጨርቅህን ከፌስታሉ አያወጣውም። ቀሪውን ካላመጣህ ደግሞ ያለቀ ልብስህን ከመስቀያው አያወርደውም፤ ብታለቅስም፣ ብትምልም፣ ሽማግሌ ብትልክም። የገዛ እህቴ ቀሚስ ልታሰፋ መጥታ ሰሌዳውን በጣቱ አሳያት። እህቴ ሁለት ዓመት አኮረፈች። እሱን እንዳይመስላችሁ፣ እኔን!

ሰሌዳውን አልወደውም። ግን ምን ቆርጦኝ እዋሻለሁ፣ የበላነው በእሱ ነው። ሰው ልብስ አሰፍቶ ይጠፋል። ከኋላ ያለው መስቀያችን ሁልጊዜ ሙሉ ነበር፤ ቀብድ ከፍለው፣ ተለክተው፣ «ነገ መጥቼ እወስዳለሁ» ብለው የውሃ ሽታ የሆኑ ሰዎች ልብስ። አንዳንዱ ፋሽኑ አልፎበት ተመልሶ መጥቷል።

መቀሱን ደግሞ ማንም አይነካም። ሙያውን ካስተማረው ሰው የወረሰው ነው፤ ጥቁር እጀታ፣ ከባድ፣ ጨርቅ ላይ ሲሄድ ድምፁ የሚያምር። አንዴ ወረቀት ልቆርጥበት ሳነሳው ያየኝ ጊዜ የጮኸው ጩኸት ዳቦ ቤት ድረስ ተሰምቷል። ቆርጬበት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ፈት ነበርኩ።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ መሀል ቡትቶ አለች። ድመት ናት። የዛሬ ስንት ዓመት አንድ ቀን በራሷ ጊዜ ገባችና የቁርጥራጭ ጨርቅ ቅርጫታችን ውስጥ ተጠቅልላ ተኛች። መልኳም ከቁርጥራጩ አይለይም፤ ትንሽ ጥቁር፣ ትንሽ ቢጫ፣ ትንሽ የታጠበ የማይመስል ነጭ። «ይቺን ቡትቶ ከዚህ አውጪልኝ፣ ድመት አልወድም» አለ። ስሟ በዚያው ቀረ፤ እሷም ቀረች። ድመት የማይወደው ሰውዬ ምሳውን ከእሷ ጋር ይካፈላል፤ ክረምት ሲሆን ቅርጫቷን ከካውያዬ አጠገብ ያስጠጋል፤ ሲሠራ እግሩ ስር ካልተጋደመች «የት ሄደች?» እያለ ሥራ ያስፈታኛል። ፈጣሪ ልጅ አልሰጠንም። ስለዚህ ነገር ብዙ አናወራም፤ ግን ከእሷ ጋር ሲያወራ በልብስ መለኪያው መጋረጃ በኩል እየሰማሁ ሆዴ የሚባባበት ቀን ነበር። የዋለበትን ሁሉ ነው የሚነግራት። ለእኔ ግን «እህ» እና «እሺ» ብቻ ናቸው የሚደርሱኝ።

አንድ ነገር ልንገራችሁና ወደ ጉዱ እገባለሁ። ባሌ የተንጠለጠለ ክር ማየት አይችልም። በሽታ ነው። መንገድ ላይ የማያውቀው ሰው ኮት ላይ ትርፍ ክር ካየ ተከትሎ ሄዶ ይቆርጠዋል። አንዴ ባንክ ቤት ተሰልፈን ከፊታችን የቆመችው ሴትዮ ጀርባ ላይ ክር አይቶ መቀሱን መዘዘ። «ሌባ! ቦርሳዬን ሊቀድ ነው!» ብላ ጮኸች። ከጥበቃው እጅ ያስጣልኩት ለምኜ ነው።

ያን ቀን ጠዋት አንዲት ደንበኛ ጉርድ ልታሰፋ መጥታ ወገቧን እየለካ ነበር። ቡትቶ ከቅርጫቷ ወጥታ እግሩ ላይ ታሻሸች። ከአፏ ጥግ ቀይ ክር ተንጠልጥሏል። ባሌ ወሬውን እንኳ ሳያቋርጥ ጎንበስ ብሎ፣ ቅጭ! አደረገላት። ክሩን ከከንፈሯ ስር ልክክ አድርጎ ቆረጠው። ጭራሽ ደግሞ «እንዲህ ንጽህት በይ እንጂ» ብሎ ራሷን ዳበሳት።

ረፋዱ ላይ ቡትቶ ለሃጯ ይዝረበረብ ጀመር። አንዴ አስመለሳት፣ ደገማት፣ ከዚያ ጠረጴዛው ስር ገብታ ጀርባዋን ቆልምማ ተቀመጠች። እሱ ከምሳው ቆንጥሮ ቢሰጣት ፊቷን አዞረች። ቅርጫቷን ገለበጥኩት። አንድ የተተረተረ እጅጌ ላይ ቀይ ክር የተሰፋበት ቦታ አለ፤ ክሩ ጫፉ ላይ ከነበረው መርፌ ጋር የለም።

«አንተ፣ ጠዋት የቆረጥከው ክር መርፌ ነበረው እንዴ?» አልኩት።

ክው አለ። ፊቱ አመድ መሰለ። ከጠረጴዛው ስር አውጥቶ ቅርጫቷ ውስጥ ከተታትና አቅፏት ወጣ። እኔ ሱቁን ዘግቼ ስደርስበት ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ መርፌዎቹ ደረቱ ላይ እንደተሰኩ፣ መቀሱ የሽርጡ ኪስ ውስጥ ሆኖ ጭኑን እየመታው በዋናው መንገድ ላይ እየሮጠ ነበር። ሰው ሁሉ ቆሞ አየን። ይይ፣ ምን አገባኝ።

የእንስሳት ክሊኒኩ ከፋርማሲው ጎን ነው። አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ሚዛን፣ የመድኃኒት ሽታ፣ ዶሮ አቅፎ ተራ የሚጠብቅ ሰውዬ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ፀጉሯን በእስክሪብቶ ጠቅልላ ይዛዋለች። ነጭ ጋውኗ ኪሱ ላይ ተተርትሮ አንድ ረጅም ክር ተንጠልጥሏል። ባሌ ክሩን አየው። እኔ ባሌን አየሁት። እጁን ወደ ኪሱ ሊሰድ ሲል በክርኔ ጎሸምኩት።

ራጅ አነሳቻት። መርፌዋ ቁልጭ ብላ ትታያለች።

«ክር ከአፏ ወጥቶ ነበር?» አለች ሐኪሟ።

«ነበር» አልኩ።

«ማነው የነካው?»

ባሌ እንደ ተማሪ እጁን አወጣ። «እኔ ነኝ። ቆረጥኩት።»

«ለምን ይቆርጡታል ጋሼ? ባይጎትቱትም ባይቆርጡትም እንዳለ ይዘዋት ቢመጡ እኮ...» ብላ ፊቱን ስታይ ተወችው። «በቃ፣ ያለፈውን እንተወው። ክሩ አንድ ጫፉ ላይ ተይዟል። አንጀቷ እየሠራ በሄደ ቁጥር ክሩ ላይ እየተሰበሰበ...»

«ሽብሽብ» አለ ባሌ ቀስ ብሎ። «ጉርድ ወገቡ ላይ ክር ስበን እንደምንሸበሽበው።»

«ልክ እንደሱ» አለች። «ሽብሽቡ ከጠበቀ ደግሞ አንጀቷ ይበሳል። ዛሬውኑ መከፈት አለባት።»

ከዚያ ዋጋውን ነገረችን። እኔ ተቀመጥኩ። ለሰው ነው ለድመት? ባለፈው ሳምንት የአንደኛው መኪና ሞተር ተቃጥሎ ያለንን ጠራርገን እሱ ላይ አውለነዋል፤ በእጃችን ያለው ከሁለት ጉርድና ከአንድ ሱሪ የተቀበልነው ቀብድ ብቻ ነው። «እሺ፣ ሥሪልንና በየወሩ ትንሽ በትንሽ እንከፍላለን» አልኩ። የሚያስቸግር ነገር አልመሰለኝም ነበር። ሐኪም አይደለችም እንዴ?

የእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ቀና አለችና በእስክሪብቶዋ ከራሷ በላይ ያለውን ግድግዳ አሳየችን። ሰሌዳ አለ። ቀይ ቀለም። «ግማሽ ክፍያ ሳይፈጸም ቀዶ ሕክምና አይጀመርም።»

ጉድ እኮ ነው! ባሌ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበው። ከዚያ እንደገና አነበበው።

እኔ ግን ቆሽቴ አረረ። «ምን ዓይነት አንጀት ነው ያላችሁ?» አልኩ። «ሕይወት እኮ ናት! ጨርቅ መሰለቻችሁ እንዴ በቀብድ የምትያዝ? ገንዘብ ካልቀደመ እጃችን አይነሳም ትላላችሁ? ይሄ ነው እንስሳ መውደድ?» ዶሮ ያቀፈው ሰውዬ ሳይቀር ራሱን ነቀነቀልኝ። እኔም ሰው ሲደግፈኝ ባሰብኝ። «ሰሌዳ ሰቅሎ በሰው ጭንቅ መጫወት ነውር አይደለም?»

«በቃሽ» አለ ባሌ።

«ምን በቃሽ ትለኛለህ?»

«በቃሽ እኮ ነው የምልሽ። እኔን ነው የምትሰድቢው።»

ሐኪሟ ግን አልተቆጣችም፤ ለካ ለምዳዋለች። «ይምጡ እናቴ» ብላ ከኋላ ያለውን በር ከፈተችልኝ። ሁለት ትልልቅ ሳጥን አለ። በአንዱ እግሩ የዳነ ቡችላ፣ በአንዱ አንድ ዓይና ግራጫ ድመት። «እነዚህ ታክመው የዳኑ ናቸው። ባለቤቶቻቸው ቀሪውን ይዘን እንመጣለን ብለው ሄዱ። ቡችላው በሩ በተከፈተ ቁጥር እነሱ እየመሰሉት ይነሳል። መድኃኒት የሚያቀርቡልኝ ሰዎች ደግሞ ለእኔ በዱቤ አይሰጡኝም። እውነቴን ነው፣ እናንተን አላምንም ብዬ አይደለም፤ ብዙ ሰው አምኜ ነው።»

ባሌ ከትከሻዬ በላይ አሻግሮ ሳጥኖቹን ያይ ነበር። «የእኔም ቤት መስቀያ አለ» አላት። እሷ አልገባትም፤ እኔ ገባኝ።

«ቡትቶ እስከ መቼ መቆየት ትችላለች?» አላት።

«ከሰዓት በኋላ ሥራ እስክንወጣ ድረስ ብታመጡልኝ ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ግን ለቡትቶም ጥሩ አይደለም።»

እጁን ኪሱ ከተተና መቀሱን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ተቀባይዋ ልጅ በርግጋ ወንበሯን ወደ ኋላ አሸሸች። «ምንድነው ይሄ?»

«ቀብድ ነው» አለ።

ዓይኔን ማመን አቃተኝ። እኔ ሚስቱ ወረቀት ያልቆረጥኩበት መቀስ! ተቀባይዋ ልጅ ልትስቅ አፏን ስትከፍት ሐኪሟ ቀድማ አነሳችው፤ ገለባበጠችው፣ እጀታው ላይ በአውራ ጣት የተበላውን ቦታ ዳበሰችው።

«ይሄን ትተውልኝ ሥራ በምን ይሠራሉ?» አለችው።

«አልሠራም» አለ። «ለዚህ እኮ ነው የምመለሰው።»

ሐኪሟ ምንም ተስፋ አልሰጠችንም። «ገንዘቡን ይዛችሁ ኑ» ብላ መቀሱን ኪሷ ውስጥ ጨመረችና ገባች። ያ የተተረተረ ኪስ ሊገነጠል ምንም አልቀረውም።

መንገድ ላይ «ከማን እንበደር?» እያልኩ የዘመድ ስም ስቆጥር እሱ አይሰማኝም። እህቴን ለማንሳት አፍሬ ዘለልኳት። ሱቅ እንደገባን ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ሄደና መስቀያውን እንዳለ ያወርደው ጀመር። «ያዢ» አለኝ። «ቀሪ ያለባቸው ሁሉ አይደሉ? እነሱ ካልመጡ እኛ እንሂድ።»

በትዳራችን ዘመን ሁሉ ባሌ ደንበኛ ቤት ሄዶ አያውቅም። ያን ቀን ግን እንደ ልብስ አዟሪ ኮትና ቀሚስ ትከሻችን ላይ ከምረን ሰፈር ለሰፈር ዞርን። ፀጉር ሠሪዋ በር ላይ ስታየን ጮኸች፤ «ውይ! እኔ እኮ ተሽጧል ብዬ ነው ዝም ያልኩት!» ብላ ቀሪዋን ከመሳቢያዋ አውጥታ ከፈለች። ሹፌሩ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ቀረበት፤ ሰውዬው ሱሪውን ካሰፋ ወዲህ ሁለት እጥፍ ወፍሯል። ሆዱን ይዞ ሳቀና «ለልጄ ይሆናል» ብሎ እሱም ከፈለ። አንዷ ቤት ቀይራለች። አንዱ ውሻውን ለቀቀብን፤ እግሬ አውጪኝ ብለን ስንሮጥ ከተሸከምነው ኮት አንዱ ቁልፍ ረገፈ። ባሌ በዚያ ሁሉ ጭንቀት ቁልፏን ሊፈልግ ሊመለስ አለ እኮ! በእጅጌው ጎትቼ ነው የወሰድኩት።

ፀሐይ ማዘንበል ጀመረች። የሰበሰብነው ግን ገና አልሞላም። ትከሻው ላይ የቀረው አንድ ጥቁር ሙሉ ልብስ ብቻ ነበር። ወደ መጋዘኖቹ የሚወስደው ቅያስ ጋ ስንደርስ ባሌ ቆመ።

«ይሄን እንተወው» አለ።

«ለምን?»

«አንቺ ታውቂያለሽ።»

አውቃለሁ። የመጋዘኑ ዘበኛ ልብስ ነው፤ አባባ ነው የምንላቸው። ልጃቸውን ሊድሩ ያሰፉት ሙሉ ልብስ ነበር። ጨርቁን ሲመርጡ እኔ ነበርኩ የረዳኋቸው፤ ደስታቸው እንደ ሙሽራ ነበር። የሰርጉ ዋዜማ መጥተው «ቀሪውን ደሞዝ ሲወጣ ላምጣ፣ ነገ አንድ ቀን ልልበሰው» አሉት። ባሌ ሰሌዳውን አሳያቸው። እሳቸውም ቀና ብለው አነበቡትና «ልክ ነህ» ብለው ወጡ። በኋላ የሰርጉን ፎቶ ጎረቤታቸው ቤት አይቻለሁ። አባባ እጅጌው ያጠራቸውን የሰው ጃኬት ለብሰው ከሁሉም ኋላ ቆመዋል፤ ጭንቅላታቸው ብቻ ነው የሚታየው። ያን ቀን ማታ ከባሌ ጋር ስንጣላ አደርን ማለት ይቻላል።

«ቡትቶ እየጠበቀችህ ነው» አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

አባባ በራቸው ላይ ሬዲዮ ይሰማሉ። ኩርምት ብለዋል፤ ካየኋቸው ወዲህ ከስተዋል። ባሌ ልብሱን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። ምን ብሎ ይጀምር? እኔ ነኝ የለፈለፍኩት፤ ድመቷን፣ መርፌውን፣ ሰሌዳውን፣ ሁሉንም።

«አሁን በሕይወት አለች?» አሉ አባባ።

«አለች።»

ተነሥተው ገቡ። ሲወጡ ቋጠሮው የጠበቀ መሀረብ ይዘው ነው። በጥርሳቸው ፈቱት። «ይኸው ቀሪው። ቆጥረህ ተቀበለኝ።»

«አባባ፣ ይቅር...» አለ ባሌ።

«ምን ይቅር ትላለህ? ገንዘቡ እኮ ያንተ ነው። ያን ጊዜ ደሞዝ እንደወጣ ይዤልህ መጥቼ ነበር። በርህ ላይ ስደርስ ሰርጉ አለፈ፣ አሁን ምን ያደርግልኛል ብዬ ተመለስኩ። ገንዘቡን ግን አልነካሁትም። የሰው ገንዘብ ነው ብዬ አስቀመጥኩት።» ቁጣ የላቸውም፤ ወቀሳ የላቸውም። ቢሰድቡት ይሻለን ነበር። «ይልቅ ቶሎ ሂዱ፣ እንስሳ አፍ የላት፣ አመመኝ አትል።»

ባሌ ገንዘቡን ተቀብሎ ሳይቆጥር ኪሱ ከተተው። «እስቲ ይልበሱትና ልየው» አለ። ኮቱ ትከሻቸው ላይ ተንሸራተተ፤ እጁን ወደ ኪሱ ላከ፣ መቀስ የለም። ደረቱ ላይ ከተሰኩት መርፌዎች እየነቀለ ጀርባቸውን ያዘው፣ መሬት ተንበርክኮ ሱሪውን ያዘው። «አጥብቤ አመጣልዎታለሁ።»

አባባ ያቺኑ ባዶ መሀረብ ዳበሱ። «ለማጥበቢያው ቀብዱ ስንት ነው?»

«ቀብድ የለውም።»

«እንዴ! ያለ ቀብድ መቀስ አይነሳም ይል የለም እንዴ?»

«መቀሱንማ እኔው ራሴ አስይዤዋለሁ አባባ» አለ ባሌ ከተንበረከከበት።

አባባ ሳቁ። ሳቃቸው እስኪያስላቸው ሳቁ፤ እኔም እንባዬን እያበስኩ ሳቅሁ። እሱ ብቻ አልሳቀም። ልብሱን ከነመርፌው አጥፎ ብብቱ ስር ከተተና ወደ ክሊኒኩ አቀናን።

ክሊኒኩ ስንደርስ ተቀባይዋ ልጅ ቦርሳዋን እያዘጋጀች ነበር። ገንዘቡን፣ የተጨማደደውንም፣ ያልተጨማደደውንም፣ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት። «ይኸው! ግማሹ ነው! ጀምሩላት!»

«ምኑን ነው የምንጀምረው?» አለች ልጅቷ። «አልቋል እኮ። ገና እናንተ እንደወጣችሁ ነው ዶክተሯ ወደ ቀዶ ጥገና ይዛት የገባችው።»

ቡትቶ ከኋላ ክፍል፣ ከግራጫው ድመት ጎን፣ ሆዷ ተላጭቶ ተኝታለች። ምላሷ በጥርሷ መሀል ትንሽ ወጥቷል፤ እንደ ሞኝ ታስቃለች፣ ግን ትተነፍሳለች። ባሌ ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ አንድ ነገር ነገራት። ምን እንዳላት እስከ ዛሬ አልነገረኝም።

«ለምን ሳትጠብቂን?» አልኳት ሐኪሟን።

«አባቴ አናጢ ነበር» አለችኝ እጇን እየታጠበች። «መጋዙን ለገዛ ወንድሙ አያውስም ነበር። መቀሱን ሳየው የሚመለስ ሰው መሆኑን አወቅኩ። ቀሪውን በየወሩ ትንሽ በትንሽ አምጡ። ብቻ እባካችሁ ለሰው አትንገሩ፣ ነገ አገሩ ሁሉ መጋዝና መዶሻ ይዞ ይሰለፍብኛል።»

እኔም ይኸው ሳልነግር ቀረሁ።

ባሌ በዚህ መሀል መነጽሩን አድርጎ የቡትቶን ስፌት እየመረመረ ነው። «እጅሽ ጥሩ ነው» አላት። «ርቀቱ እኩል ነው። መጨረሻው ላይ ብቻ ትንሽ ቸኩለሻል።» ኧረ አፈር ስሆን ዝም በል ብዬ ቆነጠጥኩት፤ ሐኪሟ ግን ሳቀች። መቀሱን ከኪሷ አውጥታ ስትሰጠው አላስቻለውም፤ «ይቅርታ ልጄ» ብሎ ያን ከጠዋት ጀምሮ ሲያሰቃየው የዋለውን ክር ቅጭ አደረገው። በማግስቱ ጋውኗን አስመጥቶ ኪሱን ሰፋላት።

ሰሌዳው አልወረደም። ቀብድ አሁንም ይቀበላል፤ ጋሽ ቀብዱ ነዋ። ከኋላ ያለው መስቀያ ግን ባዶ ነው። ልብሱ ካለቀ ይሰጣል፤ ቀሪው ሲገኝ ይመጣል፣ አንዳንዱም አይመጣም። እኔ እናደዳለሁ፣ እሱ «እህ» ይላል። ለእህቴም ቀሚስ ሰፋላት። ቀብዷን ግን ተቀብሏል!

የአባባን ልብስ የዚያኑ ሳምንት ጨረሰው። ቅዳሜ ከሰዓት መጡ። ቡትቶ ቅርጫቷ ውስጥ ናት፤ ስፌቷን እንዳትልስ ሐኪሟ አንገቷ ላይ ያሰረችላት ላስቲክ እንደ ባልዲ ጭንቅላቷን ውጦታል፤ አባባ ከእሷ ጋር ትንሽ ተጫወቱና ልብሱን ለበሱት። መስታወቱ ፊት ቆሙ። ልክክ አለ። ትከሻቸው ቀጥ አለ፣ ቁመታቸው የጨመረ መሰለኝ።

«ደግሞ ሰርግ አለ እንዴ አባባ? የት ሊለብሱት ነው?» አልኩ፤ አፌ አያርፍ።

«የት እሄዳለሁ፣ ቤቴ ነው» አሉ ቁልፉን እየቆለፉ። «ነገ ልጄ ልትጠይቀኝ ትመጣለች። በሩን ስከፍትላት በዚህ ልብስ ብታየኝ ብዬ ነው። የሰርጓ ዕለት ፎቶ ስንነሳ ወደ ፊት ና እያለች ስትጠራኝ፣ ጃኬቱ አሳፍሮኝ ያልሰማሁ መስዬ ከኋላ ቀረሁባት። ያ ነገር ይቆጨኛል።»

ባሌ ጀርባውን ሰጥቶን መኪናው ላይ ተቀመጠ። ጨርቅ ሳያስገባ ፔዳሉን ይረግጥ ጀመር፤ መርፌው ባዶውን ይወጣል፣ ይወርዳል። እኔ ማፈር ድሮ ነው የተውኩት፣ በግልጽ አለቀስኩ። አባባ ግራ ገብቷቸው አንዴ እሱን አንዴ እኔን ያያሉ።

መኪናው ቆመ።

«ነገ በስንት ሰዓት ነው የምትመጣው?» አለ ባሌ ሳይዞር።

«ጠዋት ነው። ምነው?»

«እስከ ነገ ይጨማደዳል። ቀደም ብዬ መጥቼ እተኩስልዎታለሁ።»

እሁድ ባሌ ከእንቅልፉ የማይነሳበት ቀን ነው። ያን እሁድ ግን ገና በጠዋቱ ካውያውን በጨርቅ ጠቅልሎ ወጣ፤ ቡትቶ ባልዲዋን ከግድግዳው እያጋጨች እስከ በሩ ሸኘችው።